«ያላነበብኩትን አንብቤዋለሁ እያልኩ ነው»

የደረሰን ደብዳቤ

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግሁትም የምሠራውም ደሴ ነው፤ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ባለ ካፌ እየተሰበሰቡ ስላነበቧቸው መጻሕፍት የሚጨዋወቱ ሰዎች አገኘሁና ተቀላቀልኳቸው፤ ከእኔ ጋር ስምንት ነን። መጽሐፍ መጠቆም ያለብኝ ቀን ሲደርስ ሦስት ጊዜ ያነበብኩትን አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ይዤ ቀረብኩ። ታሪክና ፍልስፍና የሚያነብ አንድ አባላችን ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ አየና ‹ይኼማ ተራ ነው፤ ቁም ነገር ያለው አምጪ እንጂ› አለ፤ የቀሩትም ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምወደውን አልናገርም። እነሱ ያደነቁትን አደንቃለሁ፤ ያላነበብኩትንም አንብቤዋለሁ እላለሁ። ባለፈው ወር አንዷ ‹መጨረሻውን እንዴት አየሽው?› ብላ ስትጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ።

«በዚያ ላይ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ስለ 19ኛውና 20ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የተጻፈ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አውሰውኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማውን ለቀው ቆይተው ሲመለሱ መደርደሪያቸው ተበታትኖ እንዳገኙትና ይህ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ እንደሆነ ነግረውኛል። አምስት ወር ሆነኝ፤ ገጽ 60 ላይ ቆሜያለሁ። አራዳ አካባቢ ሳያቸው መንገድ እሻገራለሁ። ከኮምቦልቻ የምትመጣ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አባላችን ደግሞ ለብቻዬ ጠርታ ‹አንቺ ከልብሽ የምትወጂውን አንድ መጽሐፍ ንገሪኝ› ብትለኝ መልስ አጣሁ። ስብስቡን ልተወው ይሆን?»

የመድኃኒት ቤቷ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የደገምኩትም «መንገድ እሻገራለሁ» ያልሽው ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። መጽሐፍ ወዳድ ሰው መጽሐፍ ካዋሰው ሰው ሲሸሽ መስማት ያሳዝናል። ስብስቡን አትተዪው ነው የምልሽ፤ ነገር ግን አሁን በያዝሽው ሁኔታም አትቀጥዪ፤ ምክንያቱም ላለፉት ወራት እነዚያ ሰባት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሰሙ የቆዩት የገዛ ራሳቸው ቃል ከአንቺ አፍ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ «ተራ» ከምትለው ቃል ልጀምር። አባላችሁ ይህን የተናገረው አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብ፣ ሽፋኑን ብቻ አገላብጦ መሆኑን አንቺው ጽፈሽልኛል። የፍቅር ታሪክ ስለሆነ ብቻ ቁም ነገር የለውም የሚለው አስተሳሰብ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዘንድ ሥር የለውም። «ልብ ወለድ» የሚለውን መጠሪያ ራሱን ያገኘነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በወንድ አለባበስ ራሷን የሰወረችን ልጅ ስደት የሚተርክ ሲሆን፣ ፍቅርና ጋብቻ ከታሪኩ እምብርት ውስጥ አሉበት። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የዚያን ዘመን የባላባትና የገባር ሥርዓት ከነጭካኔው ያሳዩን በሁለት ወጣቶች ፍቅር በኩል ነው፤ ያንኑ ጉዳይ በጥናት መልክ ብቻ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ስንት ቤት ይገባ ነበር? በርግጥ የፍቅር ልብ ወለድ ሁሉ ያማረ ነው አልልሽም፤ በጥድፊያ ተጽፈው በጥድፊያ የታተሙ፣ አንዱ ከሌላው የማይለዩ ብዙ አሉ። ነገር ግን በጥድፊያ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍትም አሉ፤ ከላያቸው ላይ «ታሪክ» የሚል ቃል ስለተጻፈባቸው ብቻ ማንም «ተራ» ሲላቸው አልሰማሁም። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸው «አይጠየፍ» በተባለበት ከተማ፣ ሰው ያቀረበውን መጽሐፍ ሳይቀምሱ መጸየፍ አያምርም።

ሰውየው ክፉ ነው ብዬ አልፈርድም። መጽሐፍ መጠቆምን እንደ ፈተና ወረቀት የሚቆጥሩ፣ የቀረበውን ሁሉ ነጥብ ካልሰጡበት ያነበቡ የማይመስላቸው ሰዎች በየስብስቡ አሉ፤ አብዛኞቹም ንባብን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው። የእነሱ ጥፋት ግን የአንቺን ዝምታ አስከተለ፤ የሳቁትም ሰዎች ሳቃቸው ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ሳልሸፋፍን ስላንቺ ልናገር። ያላነበብሽውን አነበብኩ ማለትሽ ስሕተት ነው፤ የጎዳውም አንቺን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «ይህን አንብቡ» ሲል ሰሚው የሚመዝነው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ተናጋሪውንም ጭምር ነው። እኔ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ አለችኝ፤ የንባብ ምርጫችን ፈጽሞ አይገናኝም። እሷ ፈጥኖ የሚሄድ፣ በየምዕራፉ አንድ ነገር የሚፈነዳበት ታሪክ ትወዳለች፤ እኔ ደግሞ አንዲት አሮጊት ቡና ስትቆላ ሦስት ገጽ የሚያቆየኝ ደራሲ አይሰለቸኝም። እሷ «እንቅልፌን አመጣብኝ» ያለችውን መጽሐፍ ገዝቼ የተጸጸትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሷም እኔ ያደነቅሁትን ሰምታ ትታው ታልፋለች። ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ልንጠቃቀም የቻልነው አንድም ቀን እኔን ደስ ይበላት ብላ ያልወደደችውን ወደድኩ ስላላለች ነው። ምርጫው ከእኔ የተለየ፣ ግን የማይዋዥቅ ሰው ከማንም የተሻለ ጠቋሚ ይሆነኛል። ስምንት ሰዎች ተቀምጠው አንድ ዓይነት መልስ ሲመልሱ ግን ከስምንቱ የሚገኘው የአንድ ሰው ጥቆማ ብቻ ነው፤ የኮምቦልቻዋ ልጅ ለብቻሽ ጠርታ የጠየቀችሽም ይህ ስለገባት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ደሴ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ መግዛት ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት የማይታሰብ ስለነበር፣ መያዣ አስይዘን በቀን አንድ ስሙኒ እየከፈልን እንከራይ ነበር። የምከራይባት ሱቅ ሰኞ ገበያ አቅራቢያ የነበረች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመጻሕፍቱ ሽፋን ከእጅ ብዛት ሲበጣጠስ አውልቀው ይጥሉትና በካርቶን ለብጠው፣ ጀርባውን በወፍራም መርፌና በሲባጎ ሰፍተው፣ ርዕሱን በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። ስለዚህ እዚያ ሱቅ ውስጥ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ መልክ ነበራቸው፤ ሽፋን አይቶ መፍረድ የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቸውም «ይህ ጥሩ ነው» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ያለፈውን ስመልስ «ኩራዙን ስንት ሰዓት አጠፋሽው?» ብለው ይጠይቁኛል። አምሽቼ ከሆነ የት ቦታ ላይ እንዳመሸሁ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ከመደርደሪያው አንዱን ስበው ከመካከሉ ይገልጡና «ቆመሽ ሁለት ገጽ አንብቢ። እግርሽ ካመመሽ መልሺልኝ፤ መቆምሽን ከረሳሽው ውሰጂው» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ትልልቆቹ ተማሪዎች በብብታቸው ይዘውት የሚዞሩትን ወፍራም የትርጉም መጽሐፍ እኔም ልያዝ ብዬ ተከራየሁ። ሁለት ቀን ታገልኩት፤ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን «ጨርሼዋለሁ፤ በጣም ደስ ይላል» ብዬ ስመልስላቸው መጽሐፉን ገለጥ አደረጉት፤ ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው ያቆመበት ቦታ ላይ ምልክት ያደረገባት የሲባጎ ቁራጭ መካከሉ ላይ፣ ሁለቱ ገጾች ተጣብቀው፣ እንደ ነበረች አለች። አላሳፈሩኝም። ከከፈልኩት ላይ አንዷን ስሙኒ መልሰው እጄ ላይ አኖሩና «ላልበላሽው አላስከፍልሽም። ይልቅ የት ላይ ነው የመረረሽ?» አሉኝ። የመረረኝን ነገርኳቸው፤ ስሞቹ ረዘሙብኝ፣ ማን ማን እንደሆነም ጠፋኝ አልኳቸው። ከዚያን ቀን በኋላ የሰጡኝን መጽሐፍ ሁሉ የመረጡልኝ በዚያች መልስ ላይ ተመሥርተው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከእሳቸው የተማርኩትን ነው ላንቺ የማካፍልሽ። «አሪፍ ነው»፣ «የግድ መነበብ አለበት»፣ «አንጀት ይበላል» የሚሉ ቃላት ስለ መጽሐፉ ምንም አይናገሩም፤ ሰሚውንም አማራጭ ያሳጡታል፤ ካልወደደው የእሱ ጉድለት ያስመስሉበታልና። መጽሐፉ አንቺን በየት በኩል እንደያዘሽ ንገሪ። ቀደም ሲል የጠቀስኩልሽን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብንወስድ፣ አንዱ የተያዘው በጉዱ ካሳ ክርክር ነው፤ ሌላው በፊታውራሪ መሸሻ ግትርነት ተገርሞ ነው የጨረሰው፤ ሌላዋ ሰብለ ወንጌልን ተከትላ ነው፤ ጨርሶ በዓይኑ ያላነበበው፣ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ በቃሉ የያዘው ሰውም ብዙ ነው። ለእነዚህ አራት ሰዎች አንድ መጽሐፍ ማለት አራት የተለያየ ነገር ነው፤ ስለዚህ «አንብቡት» ብቻ ብትዪ የትኛውን እንዳልሽ ማን ያውቃል? ደግሞም የመጽሐፉን ድካም አትደብቂ። «የመጀመሪያው 40 ገጽ ይጎተታል፤ ልጅቱ ደብዳቤውን ስታገኝ ግን ይነሣል» ብሎ የሚጠቁም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲያደንቅ ይታመናል።

እንግዲህ ቅዳሜ ያንኑ የተሳቀበትን መጽሐፍ መልሰሽ ይዘሽ ሂጂ። ንግግር አታዘጋጂ፤ ክርክርም አትክፈቺ። ሦስት ጊዜ ያነበብሽበት ምክንያት የሆነውን አንድ ገጽ መርጠሽ ምልክት አድርጊበትና ነገሩ ሲደርስሽ «ባለፈው ይህን ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለምን እንደምወደው ሳልናገር ቀረሁ፤ ዛሬ አንድ ገጽ ላንብብላችሁ» በይና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ከዚያ በኋላ «ከዚያ ቀን ወዲህ አፍሬ ያላነበብኳቸውን አንዳንድ መጻሕፍት አንብቤያለሁ ብዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ያላነበብኩትን አላነበብኩም እላለሁ» ብለሽ ጨምሪበት። ይህ ከባድ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ነገር ግን ከስምንታችሁ መካከል ያላነበበውን ያነበበ የሚመስለው አንቺ ብቻ ብትሆኚ እገረማለሁ፤ አንድ ሰው ሲናገረው ሌላውም ትንፋሹን ያወጣል። ያ አባላችሁ በድጋሚ «ተራ» ቢል «የትኛው ገጽ ላይ?» ብለሽ ጠይቂው። ካነበበው ይነግርሻል፤ ከእሱም የምትማሪው ነገር ሊኖር ይችላል። ካላነበበው ደግሞ አውሺው። እሱ ያደነቀውን አንዱንም አንቺ ተቀብለሽ ሞክሪ፤ ከልብሽ የተያዝሽበት ቦታ ካለ ንገሪው፤ ከሌለም እንደዚያው።

የጋሼ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ከቅዳሜ በፊት መጨረስ ያለብሽም እሱን ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ያየችውን አንቺም አይተሻል። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ልጁንና ጥቂት ልብስ ይይዛል እንጂ መደርደሪያ አይሸከምም። ከዚያ ሁሉ ከተረፉት ጥቂት መጻሕፍት አንዱን አንስቶ ለአንዲት ወጣት ያዋሰ ሰው ሊፈትንሽ አላዋሰሽም። በእነዚህ አምስት ወራት እሳቸው የሚያስቡት «ለምን አልጨረሰችውም?» ብለው ሳይሆን «ይኖር ይሆን?» ብለው ነው፤ አንቺ መንገድ በተሻገርሽ ቁጥር ይህ ሥጋታቸው ይጨምራል። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ቅዳሜ ሳይሆን አስቀድመሽ፣ ቤታቸው ድረስ፣ መጽሐፉን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ። ስለ መዘግየትሽ ይቅርታ ጠይቂና ገጽ 60ን ገልጠሽ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነው ያቃተኝ» በያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል ደስ ከሚላቸው፣ «ገብቶኛል» ሲል ከሚጠራጠሩት ወገን እንደሚሆኑ እርግጠኛ ነኝ።

የታሪክ መጽሐፍን ደግሞ እንደ ልብ ወለድ ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መውረድ ግዴታ አይደለም። ማውጫውን ገልጠሽ ወደ ሰገሌ ጦርነት ሂጂ። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸውን ተከትለው ከዚሁ ከወሎ ዘምተው የተሸነፉበት ጦርነት ነው። አይጠየፍን ሽቅብ እያየሽ ያደግሽ ልጅ ከዚያ ምዕራፍ ብትጀምሪ፣ የቀረው መጽሐፍ ወደዚያ እንዴት እንደደረሰና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ማወቅ ራስሽ ትፈልጊያለሽ፤ ገጽ 60ንም ያን ጊዜ ከሌላ አቅጣጫ ታገኚዋለሽ። ጋሼ «ያዢውና ከዚህ ጀምሪ» ካሉሽ ያዢው፤ ግን እስከ መቼ እንደምትመልሺ ቀኑን አንቺው ተናገሪ። እሳቸው ከወሰዱትም ደግሞ እንደ ተቀጣሽ አትቁጠሪው።

ወደ ኮምቦልቻዋ ልጅ ልመለስ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ዳገትና መታጠፊያ በሚኒባስ ወጥታ፣ ከዚያ ሞቃት ከተማ ወደ ጦሳ ሥር ብርድ ስለ መጽሐፍ ለመጫወት የምትመጣ ሰው በተራ ጥቆማ የምትመለስ አይደለችም። ስለዚህ የመጽሐፉን ስም በስልክ አትላኪላት። ሦስት ነገር ጠይቂያት። አንደኛው መቼ እንደምታነብ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ ከሆነ ዓይኗ የሚችለው አጭር ልብ ወለድ ወይም ምዕራፉ የሚያጥር ነገር ነው፤ በሚኒባስ ውስጥ አነባለሁ ካለችሽ ደግሞ ሐረጎ ላይ ራሷን እንደሚያዞራት አንቺም ታውቂያለሽ። ሁለተኛው በቅርቡ አላስተኛ ያላት ታሪክ ምን እንደሆነ ነው፤ መልሱ የግድ መጽሐፍ መሆን የለበትም፤ የሬዲዮ ትረካ፣ አያቷ የነገረቻት ተረት፣ ልቧን የነካ መንዙማም ሊሆን ይችላል። በአረብኛ ፊደል እየተጻፈ በአማርኛ የሚዜመው የወሎ አጀም ግጥም ወረቀቱን አይቶት ለማያውቅ ስንት ሰው በጆሮ እንደደረሰ አስቢው፤ በጆሮዋ የምትወድ ሰው የንግግር ዜማ ያለው መጽሐፍ ትወዳለች። ሦስተኛው አሁን ማንበብ የማትፈልገው ምን እንደሆነ ነው። ይህንን ለስለስ አድርገሽ ጠይቂ፤ በዚህ አካባቢ ጦርነትን ከመጽሐፍ ማንበብ ገና የማይችል ልብ ብዙ ነው፤ የሰው ምርጫ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ መስሎ ከሚታየን ውስጥ ብዙው በእርግጥ ሰው ያለፈበት ነገር ነው።

መልሷ ከአንቺ የፍቅር ልብ ወለድ ጋር ከገጠመ እሱኑ ስጫት፤ ካልገጠመ አንቺ የምትወጂው ስለሆነ ብቻ አትጫኚባት። ከሰጠሻት በኋላ ባገኘሻት ቁጥር «ጨረስሽው?» አትበያት፤ ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰሞኑን ደሴ ዝናቡ አላባራም። የጋሼን መጽሐፍ ከመውሰድሽ በፊት እንደ ተማሪ ደብተር በወፍራም ወረቀት ለብጪው፤ ገጽ 60 ላይ ጥጉን አጥፈሽ ከሆነም አቃንተሽ አንድ ሌሊት ከባድ ነገር ጫኚበት፤ በማግሥቱ በፌስታል ጠቅልለሽ ከጋቢሽ ሥር ያዢው።